ደካማውን መጽሐፍ የሚያውቅ ወዳጅ

ቡራዩ በዜና ስሟ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ለደግ አይደለም። የመስከረም 2011ን ሐዘን የረሳ የለም። በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረትና ቡራዩ ክፍለ ከተማ ስትሆን ደግሞ ወሬው ሁሉ የፈረሳና የይዞታ ነበር። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኬላ አካባቢ አስፋልቱ ዳር ሦስት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች መጀመሪያ ፊታቸውን ያዞሩት በስጋት ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ግን ሳቁ። አንዱ እንዲያውም ወንበሩን አስጠጋ። ሰዎቹ የሚሟገቱት በልብወለድ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ከይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» የትኛው ይበልጣል? የትኛውስ ይደክማል?

«ዴርቶጋዳ» በ2001 ሲወጣ ተማሪው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ አንድ መጽሐፍ እየተቀባበለ ያነበበበት ጊዜ ነበር። የጣና ገዳማት፣ ሞሳድ፣ ናሳ፣ ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚፈለግ ኢትዮጵያዊ የኅዋ ሳይንቲስት፣ ሁሉም በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገናኙ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ምናባዊ ልብወለድ ያን ያህል ሰው ሲሻማበት ማየት ያልተለመደ ነበር። ከዚያ ተከታዮቹ መጡ፤ ከተከታዮቹ ጋርም ይህ ክርክር መጣ። የአለማየሁ ዋሴ አንባቢዎችም «እመጓ» ይበልጣል ወይስ «ዝጎራ» እያሉ እንዲሁ ይሟገታሉ።

ከሦስቱ ተከራካሪዎች አንዱ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌና አዲስ መጽሐፍ የሚሸጥ ወጣት ነው። የእሱ ማስረጃ ከእጁ የመጣ ነው።

«ሰው “ዴርቶጋዳ አለህ?” ብሎ በስሙ ይጠይቀኛል። ሌሎቹን ግን “የዴርቶጋዳ ቀጣይ አለ?” ነው የሚለኝ። በስሙ የሚጠራ መጽሐፍና በታላቅ ወንድሙ ስም የሚጠራ መጽሐፍ እኩል አይደሉም» አለ።

ሁለተኛዋ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። ለእሷ የሚበልጠው «ራማቶሓራ» ነው። ምክንያቷም ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ እጇ የገባው እሱ ነበር። «ዴርቶጋዳ»ን የሰማችው ከዚያ በኋላ በትረካ ነው፤ ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ምስጢሩ ሌሎቹን አንባቢዎች ያስደነገጠውን ያህል አላስደነገጣትም፤ መጨረሻውን ታውቀው ነበርና። «ዣንቶዣራ»ን ግን ያለ ርኅራኄ ደካማ ነው ብላ ደመደመች።

«የት ነው ያነበብሽው?» አላት መጽሐፍ ሻጩ።

«በፒዲኤፍ።»

«ሙሉ ነበር?»

ዝም አለች። ከዚያ ራሷ ሳቀች። ከቴሌግራም ያወረደችው ቅጂ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሳ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ተዘሏል፣ አንዳንዱ ጠርዙ ተቆርጧል። «ስለዚህ ያላየሁትን ገጽ ነው ደካማ ያልኩት?» አለች። ሻጩ ነገሩን ለቀልድ አልወሰደውም። መጽሐፍ እየተሰረቀ ሲሰራጭ ደራሲው የሚያጣው ብር ብቻ እንዳልሆነ፣ ፍርዱም እንደሚጎድል ነገራት።

ሦስተኛው በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ የፊዚክስ መምህር ነው። ልጅቷ ተማሪው ነበረች፤ ዛሬም «ቲቸር» ነው የምትለው። የእሱ ምርጫ «ዴርቶጋዳ» ነው፤ ምርጫውም ከዕድሜው ጋር የተያያዘ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፊዚክስ የሚማር ልጅ «ተመርቀህ የት ልትሠራ ነው?» እየተባለ በሚጠየቅበት አገር፣ ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉ የሚባል ሰው በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ምን ማለት እንደነበር ለማስረዳት ሞከረ። ብዙ አንባቢ ሻጊዝን ሲያነብ ቅጣው እጅጉን ያስባል። ቅጣው ቦንጋ ተወልዶ፣ በጃፓን ተምሮ፣ በአሜሪካ የኅዋ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሠራ ሳይንቲስት ነበር። በ1998 እዚያው አሜሪካ አረፈ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የወጣ ልብወለድ «እንዲህ ያለ ሰው ወደ አገሩ ቢመለስስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ለተማሪው ተረት አልነበረም።

«ስለዚህ የመጀመሪያው ይበልጣል» አለ መምህሩ። «ተከታዮቹ ውስጥ ሩጫው ጨመረ፤ ሰዎቹ ግን ቀጠኑ። ምስጢር አንዴ ከተገለጠ ሌላ ምስጢር መከመር እንጂ ማስደነቅ ይከብዳል።»

ልጅቷ አልለቀቀችውም። «ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ግን ሦስቱም ዕንቁ ናቸው ብለውን ነበር እኮ!»

መምህሩ የሻይ ብርጭቆውን ለጥቂት ጊዜ በእጁ አዞረ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለክርክሩ ከቀረበው ሁሉ የከበደ ነበር። «ዣንቶዣራ» ሲወጣ አንድ የዶርም ጓደኛው መጽሐፉ ደካማ ነው አለ። ገጸ ባሕርያቱ ሰውነታቸው ቀርቶ የመልእክት ተሸካሚ ሆነዋል፣ አጋጣሚው በዝቷል፣ እያለ አንድ በአንድ ዘረዘረ። መምህሩ በሰው ፊት «ምቀኛ» አለው። አገር የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ አያናንቅም አለው። ጓደኝነታቸው ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አሁን ልጁ ውጭ አገር ነው፤ ለበዓል እንኳን አይደዋወሉም።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለ መምህሩ፤ «ያን ቀን መጽሐፉን አልጨረስኩትም ነበር። መሐሉ ላይ ደክሞኝ አስቀምጬዋለሁ። እሱ ግን ሁለቴ አንብቦታል።»

የሚያሞግሰው ያልጨረሰው፣ የሚነቅፈው ሁለቴ ያነበበው። ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ ቢቆም ኖሮ ባልከፋ። ነገር ግን በዚህ አገር ድጋፍ የሚባለው ነገር ሁሉ በዚህ ልማድ የተሠራ ይመስላል። ደጋፊ ማለት ሁሉም ዕንቁ ነው የሚል፤ ነቃፊ ማለት ሁሉም ገለባ ነው የሚል። «ይኼኛው ሥራው ግሩም ነው፣ ያኛው ደካማ ነው፣ ሰውየውን ግን አሁንም እወደዋለሁ» የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን ይባረራል።

የመምህሩን የሙያ ዘርፍ ብቻ ማየት ይበቃል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር ስትመጠቅ፣ የ«ዴርቶጋዳ» ትውልድ በሕይወቱ ሊያየው ያልጠበቀውን ቀን አየ። ነገር ግን በዚያው ቀን ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ኢትዮጵያ ኅዋን ድል ነሣች አለ፤ ሌላው የቻይና ዕቃ ነው ብሎ አጣጣለ። እውነቱ ግን ከሁለቱም ይለያል። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ናት፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው ተሳትፈዋል፤ የመቆጣጠሪያ ጣቢያውም እንጦጦ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጠንካራው ገጽ ይህ ነው፣ ደካማው ገጽ ይህ ነው ብሎ መናገር ማንንም አገር ጠል አያደርግም ነበር። ለሚቀጥለው ሳተላይት የሚጠቅመውም ያ ብቻ ነበር።

በሌላው ዓለም ምናባዊ ልብወለድ የሚወዱ ሰዎች ይህን ነገር ከጀመሩት ቆይተዋል። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን አንባቢዎችን መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አራተኛው መጽሐፍ፣ የሚወደዱትን ገጸ ባሕርያት ትቶ ሌሎቹን ብቻ በመከተሉ ብዙዎቹ ከተከታታዩ ደካማው እሱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በዚያው ምክንያት ጥልቁ እሱ ነው ብለው ይሟገታሉ። አምስተኛው በ2011 ወጣ፤ ስድስተኛው እስካሁን አልመጣም፤ አንባቢው ግን አሁንም ይጠብቃል። ደካማ ነው ብሎ መናገርና መጠበቅ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። የሚያስቀረው ግዴለሽነት ነው። ግድ የሌለው ሰው ሦስተኛው ከሁለተኛው ያንሳል ብሎ ለማስረዳት ሻዩን አያቀዘቅዝም።

ለደራሲም ቢሆን ከጭብጨባው ይልቅ ይህ ይሻለዋል። መጽሐፍ በቁም ነገር የሚተች የጋዜጣ ገጽ በጠፋበት ጊዜ፣ ደራሲ የትኛው ምዕራፍ እንዳሰለቸ የሚነግረው አንባቢው ብቻ ነው። አንባቢው በፍቅር ሰበብ ከዋሸው፣ ደራሲው ቀጣዩን መጽሐፍ የሚጽፈው በጨለማ ነው። መሪም፣ ፓርቲም፣ ተቋምም እንዲሁ ነው። ድጋፉ ብዙ ሆኖ መረጃው ባዶ የሆነበት ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ሲወድቅ ነው።

ይህ ማለት ነቃፊ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። የተዘለለ ገጽ ይዞ መፍረድም አለ። ከኬላው ሦስት ሰዎች አንዷ ግማሹን ሳታይ ነቅፋለች፣ አንዱ ግማሹን ሳያይ አሞግሷል። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቦ መናገር።

አመሻሽ ላይ ሻጩ መጽሐፎቹን መሰብሰብ ሲጀምር መምህሩ ጎንበስ ብሎ «ዣንቶዣራ»ን አነሳ። ዋጋ ጠየቀ፤ ትንሽ ተከራከረ፤ ከፈለ። ልጅቷ «ቲቸር፣ ደካማውን ነው እንዴ የገዙት?» ብላ አሾፈችበት።

«ደካማ መሆኑን ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ» አላት። «አሁን ራሴ አንብቤ ልወቀው። ልክ ከሆነም የምደውልለት ሰው አለኝ።»