ልክን ከብረት መማር

በአማርኛችን «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የጨርቁን ርዝመት ወይም የእህሉን ብዛት ለማወቅ ስንፈልግ «ልኩ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ የተነገረን ነገር እውነት ሆኖ ስናገኘውም «ልክ ነው» ብለን እንቀበላለን። መጠኑን አልፎ የሚመጻደቀውን ሰው ደግሞ «ልክህን ዕወቅ» እንለዋለን። መስፈሪያንና እውነትን በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ፣ ሁለቱ ከተለያዩ ኑሮ እንደሚፈርስ የተረዳ ይመስላል። እኛ ይህን ነገር በሚገባ የተረዳነው በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮተቤ መስመር፣ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በቶርኖ አጠገብ ቆመን ሥራ በለመድንበት ጊዜ ነው።

ወደ ፋብሪካው የገባነው ስምንት ሆነን ነው፤ አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከቀበና፣ ከላምበረትና ከኮተቤ የተሰበሰብን የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስንሆን፣ የተላክነውም የትብብር ሥልጠና በሚባለው ደንብ ነበር፤ ይኸውም ሠልጣኙ ንባቡን በትምህርት ቤት፣ ተግባሩን በፋብሪካ እንዲማር የሚያደርግ ሥርዐት ነው። ማለዳ ስንወጣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች በመንገድ እናገኛቸዋለን፤ እኛም ቱታችንን በፌስታል ይዘን ወደ ሥራችን እንወርዳለን።

የቶርኖው ክፍል አለቃ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ማሽን እንነካለን ብለን ስንጠባበቅ፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁራጭ ብረትና አንድ አንድ ሞረድ ሰጡን። ብረቱን በሞርሳ አስረን፣ ስድስቱም ገጽ እስኪስተካከል ድረስ እንድንሞርደው አዘዙን። ተስተካከለ ስንላቸው ስኳድራውን በብረቱ ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ያነሡታል፤ በመካከሉ የብርሃን ክር ከታየ ምንም ሳይናገሩ ይመልሱልናል። በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት አለፈ፤ መዳፋችንም ውኃ ቋጠረ። ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ «ጋሼ፣ ማሽኑ ይህን ሥራ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰው ከሆነ እኛ ስለ ምን እንደክማለን?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም «ልጄ፣ ብረት ሲቈረጥ ምን እንደሚል እጅህ አስቀድሞ ካልሰማ፣ ማሽኑ ሲጮህ ጆሮህ አይገባውም» አሉት። በኋላ ቶርኖ ላይ ስንቆም የቃላቸውን ትርጉም አገኘነው። ስለቱ ሲደነዝዝ፣ ብረቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ፍጥነቱ ሲበዛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው ድምፁ ነውና።

የሥራውን ቋንቋም በዚያው ተማርን። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ወናፍ የሚሉት ቃላት ከቀጥቃጩ ቤት የወረስናቸው ናቸው። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ የለበስነው ቱታ ሳይቀር፣ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ማይክሮሜትርና ሚሊንግ የሚሉት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ጋር ገቡ። በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የሦስት ዘመን ቃል ተቀላቅሎ ሲነገር ማንም አይደነቅም። ከበላያችን የሚታየው የእንጦጦ ተራራ የለበሰው ባሕር ዛፍ እንኳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለ፣ ከባሕር ማዶ መምጣቱንም በስሙ የሚናገር ዛፍ ነው፤ ሆኖም ዛሬ የእንጦጦ ልጅ ያለ እርሱ ተራራውን ሊያስበው አይችልም። ባዕድ የነበረ ነገር የራስ የሚሆነው ተክሎ የሚያሳድገው እጅ ሲያገኝ ነው።

በቶርኖ ላይ የሚዞረው ብረቱ ነው፤ ስለቱ ተይዞ በዝግታ ይራመዳል። በሚሊንግ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚዞረው ስለቱ ነው። በሁለቱም ዘንድ ሥራው መቀነስ ብቻ ነው፤ የተቀነሰው ተመልሶ አይጨመርም። ስለዚህ ሠራተኛው ከመቍረጡ በፊት ይለካል፤ ጥቂት ቈርጦም እንደገና ይለካል። መለኪያው ማይክሮሜትር ነው፤ ብሎኑ አንድ ዙር ሲዞር ግማሽ ሚሊሜትር ይራመዳል፤ ዙሩም በ50 ጭረት የተከፈለ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጭረት የሚሊሜትር መቶኛ እጅ ይሆናል። የሰው ጠጉር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል።

ከኮተቤ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የየካ ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን ወደዚያ ወጥተን ምሰሶዎቹንና ግድግዳዎቹን ስናይ፣ እነዚያ ሰዎች የእኛን ሥራ እንደ ሠሩ ተሰማን። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚክብ ግንበኛ የተበላሸውን አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ አለት የሚፈለፍል ግን ምሰሶ የሚሆነውን አንድ ጊዜ ከቈረጠው ምሰሶ አይኖረውም። የትኛው እንደሚቀር አስቀድሞ በልቡ ለክቶ መጨረስ ነበረበት። አገራችን የልክ ሥራ እንግዳዋ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አያሻም።

በሥልጠናችን መካከል አንድ ቀን፣ ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ በኩል አንድ የወፍጮ ባለቤት መጡ። የወፍጮው ዘንግ ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ ነበር። ሴቶች እህላቸውን ይዘው መጥተው ሳያስፈጩ እንደ ተመለሱ፣ ልጆችም ምሳ እንደሚጠብቁ ነግረው፣ በተበላው ቦታ ቀጭን ቆርቆሮ ጠቅልለን በቶሎ እንድንሰዳቸው ለመኑ። ጋሼ በአክብሮት «ጌታዬ፣ እንደሱ አድርገን ብንሰድዎ ከሳምንት በኋላ ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ኩሽኔታውም አብሮ ይጠፋል፤ እስከ ነገ ይታገሡን» አሏቸው።

አዲሱን ዘንግ ከድፍን ብረት እንድናወጣ ሥራው ለእኛ ተሰጠን። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ የተለመደው ደንብ፣ ዘንጉ ከ40 ሚሊሜትር በሺኛ ከ2 እስከ 18 ብቻ እንዲበልጥ ያዛል። ከዚህ ቢያንስ የኩሽኔታው ቀለበት በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል፤ ቢበዛ ቀለበቱ ተወጥሮ በውስጡ ያሉትን ኳሶች ያጨናንቃል፤ ኩሽኔታውም ግሎ ይቃጠላል። ከዚህም ሌላ፣ ሲቈረጥ የሞቀ ብረት መጠኑን ይዋሻል፤ ይህን የሚያህል ዘንግ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር ውፍረቱ ከመቶኛ እጅ በላይ ያድጋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልክ ከመውሰዳችን በፊት ዘንጉ እስኪበርድ ቆመን ጠበቅን። የወፍጮው ባለቤት ይህን አይተው «ብረት ይዛችሁ ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲሉ ተቈጡ። ጋሼም «እውነቱን እስኪናገር ነው» ብለው መለሱ። በማግስቱ ኩሽኔታው በልኩ ገባ፤ ሰውየውም ዘንጉን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ሄዱ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ተረት አንሰማውም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ማረሻውን የሚሠራውን ሰው ገበሬው ይፈልገዋል፤ ነገር ግን ቡዳ ነው ብሎ ከማዕዱ ያርቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ የአገሩም ወጣቶች ከእነርሱ ሥራ ይማሩ ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጕልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። በ1860 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ሞቱ፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። መድፉ ቀረ፤ የመድፉ ሙያ አልቀረም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ምክንያቱም፣ ባለ እጅ በስድብ ከተባረረ አገሩ ማረሻ የሚሠራለት ያጣል የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሙያ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ተግባረ እድ ተብሎ በእጅ ሥራ ስም ተጠራ። በ1917 ዓ.ም. በእንጦጦ ግርጌ የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በኋላ እንጦጦ ተብሎ የሙያ መማሪያ ሆኗል።

ንቀቱ ግን ልብሱን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ለብዙ ዓመታት በ10ኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያገኘ ወደ መሰናዶ፣ ዝቅ ያለ ያገኘ ወደ ሙያ እንዲሄድ ይደረግ ስለ ነበር፣ ወላጅ ሁሉ ሙያን የወደቀ ልጅ መጠጊያ አድርጎ ማየት ለመደ። ከእኛ ሴቶች የአንዲቱ አክስት፣ በበዓል ቀን የጠቈረ ጥፍርዋን አይተው በእንግዶች ፊት «ልጄ፣ እስክሪብቶ የሚይዝ ሥራ አጥተሽ ነውን?» አሏት። እርስዋም ቡናውን ቀድታ አቀረበች እንጂ አልመለሰችላቸውም። ከስምንታችን ሦስቱ ሙያውን ትተውታል። ደመወዙ ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም አስቀድመው ያነሡልን ነገር የሰው አፍ ነው።

የዚህ ንቀት ዋጋ የት እንደሚከፈል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ገብተው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ መሆናቸው በአደባባይ ተነገረ። ማሽንን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ማሽኑ ሲሰበር የሚተካውን ዕቃ በልኩ የሚያወጣ እጅ ግን በዓመታት የሚያድግ ነው። የባቡር ዕቃ ሁሉ በቶርኖ አይወጣም፤ ሆኖም ዘንግና ቀለበት በልኩ ማውጣት ያልለመደ አገር ከዚያ የሚረቀውን ሊሠራ አይችልም።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ላሉት፣ ለሙያ ትምህርት ቤቶች ደኅና መለኪያና የሚሠራ ማሽን እንዲመድቡ፣ የሠለጠነውንም እጅ በሚገባው ዋጋ እንዲቀጥሩ እናሳስባለን። መምህራንም ብርቱውን ተማሪ ወደ ሙያ መላክ እንደ ቅጣት አይቍጠሩት፤ በሺኛ የሚለካውን ልክ ለመጠበቅ ደካማ አእምሮ አይበቃምና። ተማሪው ደግሞ እጁ ቢጠቍር በሳሙና እንደሚለቅ፣ ልክ የማያውቅ እጅ ግን ቢታጠብ እንደማይለወጥ ያስብ።

ጋሼ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። በማሽናቸው ላይ የምትሠራው ያች ለአክስትዋ ያልመለሰችው ጓደኛችን ናት። በዚህ ዓመት ሁለት ሠልጣኞች ተሰጥተዋታል፤ ገና ሞረድ ላይ ናቸው።