መጨረሻውን እያወቁ መጨነቅ

በጅማና በአጋሮ የሕንድ ፊልም ባይተዋር አይደለም። በቪዲዮ ቤቶቹ ዘመን ሂንዲ የማይሰማው ሰው እንኳ ታሪኩን ከተዋናዮቹ ፊትና ዕንባ ይረዳው ነበር። እኔን ይዞ ያልለቀቀኝ ግን ዘፈንና ጭፈራ የበዛበት ሳይሆን ልብ አንጠልጣዩ «ድሪሽያም» ነው።

ፊልሙ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2013 በማላያላም ቋንቋ ሲሆን፣ ደራሲውም አዘጋጁም ጂቱ ጆሴፍ ነው። የታሪኩ አገር የኬረላው ኢዱኪ ነው፤ እንደ ጅማ ቡና የሚበቅልበት፣ የእኛ ኮረሪማ ዘመድ የሆነው ሄልም የሚለቀምበት ደጋማ ምድር። በ2015 ሂንዲኛው ሲሠራ ታሪኩ ወደ ጎዋ ተዛወረ።

ባለታሪኩ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ በኬብል ቴሌቪዥን ሥራ የሚተዳደር፣ ፊልም ሲያይ የሚያመሽ አባወራ ነው። አንድ ጎረምሳ በድብቅ በቀረጸው ቪዲዮ የአባወራውን ትልቋን ልጅ ሲያስፈራራት፣ ስትከላከል በእጇ ይሞታል። አባትየው ከፊልም የተማረውን ሁሉ ተጠቅሞ፣ ትኬትና ደረሰኝ ይዞ፣ ቤተሰቡ በዚያ ቀን ሌላ ከተማ እንደነበረ አገሩን ያሳምናል።

የሆነውን ተመልካቹ ከፖሊስ ቀድሞ ያውቃል። የሚያስጨንቀው ታናሿ ልጅ ምርመራውን ትችለው ይሆን የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ፊልም በሌላ ቋንቋ ደግሞ ቢሠራ አይቀዘቅዝም።

እኔ ግን ሂንዲኛውን ሳይ ጭንቀቴ ወገን ለወጠ። የአባትየውን ብልሃት ስለማውቀው ዓይኔ የሟቹ እናት ላይ አረፈ። ተዋናይቷ ታቡ የምትጫወታት ይህች እናት የፖሊስ አዛዥ ናት፤ በሥልጣኗ የሌላ ሰው ልጆች ስታስደበድብ ጨካኝ ናት፤ ልጇ የት እንደወደቀ ስትጠይቅ ግን ማንኛዋም እናት ናት። በጅማ አስከሬን ሳይገኝ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጀናዛ ካልወጣ፣ አፈር ካልለበሰ፣ ጎረቤት «አላህ ያጽናሽ» የሚልበት ቀን አይቆረጥም፤ ሐዘኑም ዳር አይደርስም።

ስለ ፊልሙ ቡና ላይ ሲወራ ሁሉም ለአባትየው ይፈርዳል። ልጁን ማን አሳልፎ ይሰጣል? እኔም አልሰጥም። ነገር ግን አንዲትን ልጅ ያዳነው ዝምታ ሌላዋን እናት ከነሕይወቷ ቀብሯል። ታሪክን ደግሞ መሥራት የሚገባውም ለዚህ ይመስለኛል፤ በመጀመሪያው ያላዘንንለት ሰው ተራው እንዲደርሰው።