የዲግሪዬ ሒሳብ

ባለፈው መስከረም ታናሽ እህቴ ልጇን አስከትላ ቤቴ መጣች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጉዳይዋን አወጣች።

«ጋሼ፣ ልጁ ብዙው የሚወድቅበትን ፈተና አልፏል። አካውንቲንግ ተማር ብለው እምቢ አለኝ። እንደ ጋሼ ቴዎሎጂ ነው የምማረው ይላል። እስቲ አንተው ንገረው፤ አዋጥቶሃል?»

ሳቅ አልኩ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስለዚህ ዲግሪ ያልተጠየቅኩት የለም። ቄስ ነህ ወይ ተብያለሁ፣ ሕልም ፍታልኝም ተብያለሁ። አዋጣህ ወይ ያለኝ ግን አልነበረም። የአንድ ሌሊት ጊዜ ለመንኳት። ሁሉም ሲተኛ ባለካሬ ደብተር አውጥቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ ወጪ፣ በቀኝ ገቢ።

ወጪው ቀላል መሰለኝ። ኮሌጅ የገባሁት በ1991 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ክፍያ አልነበረብኝም፤ ምግብና መኝታውም በቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወጪ መጋራት ሲጀመርና ተማሪው ዕዳ ሲፈርም፣ እኔ የአምስት ሳንቲም ዕዳ ሳይኖርብኝ ተመረቅኩ። በግራ በኩል «አምስት ዓመት» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

ያስቸገረኝ ገቢው ነው። አያታችን ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከየደጁ ውሻ ጋር ሲታገሉ ዓመታት አሳልፈዋል። ትምህርቱን ሲጨርሱ ግን ደብር ገብተው የሰሞን መሬት አገኙ። ያ መሬት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የአጥቢያው አገልጋይ ደመወዝ በአብዛኛው የደብሩ ኪስ ጉዳይ ሆነ፤ ከሙዳየ ምጽዋት፣ ከስለት፣ ከአሥራት፣ ሱቅ ካለውም ከሱቅ ኪራይ። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ይዘው ከወጡ ሁለት ሰዎች አንዱ አስፋልት ዳር ሱቅ የደረደረ ደብር ይደርሰዋል፤ ሌላው ከአንድ ጃንጥላና ከሁለት ከበሮ በቀር ሀብት የሌለው። ለእኔ የደረሰኝ ባለ ሁለት ከበሮው ነው።

የመጀመሪያ ደመወዜ 310 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ባንክ የገባው የሰፈራችን ልጅ ሦስት እጥፍ ያገኝ ነበር። ደመወዜ ሲጨመር ጤፉ ቀድሞ ይጨምራል። ማታ ማታ በየሰው ቤት ልጆች አስጠናሁ። የቤት ኪራዩን ግን እስከ ዛሬ የሚከፍለው የባለቤቴ የነርስነት ደመወዝ ነው።

ሌላም ገቢ አለ። ዘጠኝ ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾች እፊቴ ተቃቅፈው አልቅሰዋል። ልጇን የቀበረች እናት «ዝም ብለህ አጠገቤ ስለተቀመጥክ ተመስገን» ብላኛለች። ይኼን በገቢው በኩል ጻፍኩት፤ ተመልሼ ሰረዝኩት፤ ደግሜ ጻፍኩት። ጤፍ አይሸመትበትም፤ ግን ሐሰት ነው ልል አልቻልኩም።

ጠዋት ደብተሩን ለእህቴ አሳየኋት። ገቢውን አላየችም። ጣቷ የወጪው ዓምድ ላይ ቆመ።

«አምስት ዓመት ብቻ? የእኔን አልጻፍከውማ!» አለች።

ቁጣ የለባትም፤ የረሳሁትን አስቤዛ የምታስታውሰኝ ነው የምትመስለው። በ1991 አባታችን ሲያርፍ ሥራ መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ኮሌጅ ገባሁ፤ እሷ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ትምህርቷን ትታ ከእናታችን ጋር ጉሊት ተቀመጠች። ዕዳ የለብኝም እያልኩ የኖርኩት ከእሷ ተበድሬ ኖሯል።

ልጁን አስጠራሁት። «ትምህርቱን አልነቅፍብህም» አልኩት። «እኔም እንደገና ብወለድ እመኘዋለሁ። ግን ደመወዝ ብለህ አትግባበት። የማታ ክፍልም አለ፤ ቀን እንጀራ የሚሆንህን ተማር፣ ማታ ይኼን ጨምርበት። ዓመቱ ቢረዝም ይርዘም፤ ብቻ ለአንተ ትምህርት ማን እንደሚከፍል አስቀድመህ እወቅ።»

አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ጋሼ፣ አንተ እንዲህ ብለውህ ቢሆን ትሰማ ነበር?» አለኝ።

አልሰማም ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

ልጁ እስካሁን አልቆረጠም። እኔ ግን ደብተሬን አስተካክያለሁ። ከአምስቱ ዓመት ሥር «የእህቴ 11ኛና 12ኛ ክፍል» የሚል ጨምሬበታለሁ። በምን እንደምከፍላት ገና አላወቅኩም።