ማክቤዝና የሥልጣን ጥም

ምኞት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ገበሬ ከዘራው አብልጦ ለማፈስ፣ ተማሪ ካለበት ክፍል ወደሚቀጥለው ለማለፍ፣ ወታደር ለማዕረግ ለመብቃት ይመኛል። ምኞት ባይኖር ኖሮ ሰው ከተወለደበት ደረጃ ፈቀቅ ባላለ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ለሥራ የሚያነሣሣን ኃይል ልጓሙን የበጠሰ እንደሆነ ባለቤቱን ይዞ ገደል የሚገባ ፈረስ ይሆናል። ይህን እውነት ከማናቸውም ድርሰት ይልቅ አጉልቶ ያሳየኝ ዊልያም ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ የጻፈው «ማክቤዝ» የተባለው ተውኔት ነው። ተውኔቱን ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ ቋንቋችን ስለመለሰው ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የትራጄዲ ዋና ገጸ ባሕርይ ፍጹም ጻድቅም ፍጹም ክፉም መሆን የለበትም። ጻድቁ ያለ በደሉ ሲወድቅ ብናይ እንቆጣለን፤ ክፉው ሲወድቅ ብናይ ደግሞ የእጁን አገኘ ብለን እናልፈዋለን። ኀዘንና ፍርሃት የሚያድርብን እንደ እኛው ያለ፣ ነገር ግን በክብሩ ከፍ ያለ ሰው በራሱ ስሕተት ሲወድቅ ባየን ጊዜ ነው። ማክቤዝም በተውኔቱ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ማክቤዝ የስኮትላንድ ንጉሥ የደንከን የሥጋ ዘመድና ዝነኛ የጦር አለቃ ነው። ዐመፀኛውንና ወራሪውን ጦር ድል አድርጎ ከጓደኛው ከባንኮ ጋር ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች በመንገድ ላይ ያገኙታል። የኮውዶር ገዥ፣ ኋላም ንጉሥ እንደሚሆን ይነግሩታል፤ ለባንኮ ግን እርሱ ሳይነግሥ ዘሮቹ እንደሚነግሡ ይተነብዩለታል። ወዲያውም የኮውዶር ሹመት ከንጉሡ ዘንድ ይመጣለታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የማክቤዝ ልብ ዕረፍት አጣ። ንጉሡ በቤቱ እንግዳ ሆኖ ባደረበት ሌሊት በተኛበት ገደለው፤ ዙፋኑንም ያዘ።

ብዙ አንባቢ የዚህን ጥፋት ምክንያት በጠንቋዮቹ ወይም በሚስቱ በእመቤት ማክቤዝ ላይ ይጥላል። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። ጠንቋዮቹ እንደሚነግሥ ነገሩት እንጂ እንዲገድል አላዘዙትም። ሚስቱም ብትሆን ወንድነቱን እየተጠራጠረች ገፋፋችው እንጂ በልቡ ያልነበረ አሳብ አልፈጠረችበትም። ባንኮም ትንቢቱን በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ሰዓት ሰምቷል። የዘሩ መንገሥ ልቡን ሳይነካው አልቀረም፤ ሆኖም ክፉ ኃይሎች ሰውን ለማጥመድ ሲሉ ቁንጽል እውነት እንደሚናገሩ ጓደኛውን አስጠነቀቀ እንጂ እጁን ወደ ሰይፍ አልሰደደም። ሼክስፒር ታሪኩን ባገኘበት በሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ውስጥ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነው፤ በተውኔቱ ግን ከደሙ ንጹሕ ሆኖ ቀርቧል። በዚህም ለውጥ ምክንያት ሁለቱን ጓደኞች ጎን ለጎን አቁመን ለመመዘን እንችላለን። አንድ ቃል በሁለት ልብ ላይ ወድቆ ልዩ ልዩ ፍሬ ካፈራ፣ ልዩነቱ የመጣው ከዘሩ ሳይሆን ከመሬቱ ነው።

በእኔ አስተያየት የተውኔቱ እምብርት በመጀመሪያው ገቢር፣ በሰባተኛው ትዕይንት ይገኛል። ንጉሡ በአዳራሹ ውስጥ እራት ሲበላ ማክቤዝ ለብቻው ወጥቶ ከኅሊናው ጋር ይሟገታል። ደንከን ዘመዱና ጌታው ነው፤ እንግዳውም ስለሆነ በር ዘግቶ ሊጠብቀው ይገባል እንጂ ራሱ ቢላዋ ሊያነሣበት አይገባም። ከዚህም በላይ ገርና ቅን ንጉሥ ነው። ደም የሚያፈስ ሰው ክፋቱ ዞሮ በራሱ ላይ እንደሚመጣም ማክቤዝ ያውቃል። በመጨረሻም ወደ ግድያው የሚገፋው ከምኞቱ በቀር ሌላ ምክንያት እንደሌለው ለራሱ ያምናል። እንግዲህ የወደቀው ባለማወቅ አይደለም። ዳኛውም ተከሳሹም እርሱ ራሱ በሆነበት ችሎት፣ እውነት ረትታ ሳለች ፍርዱን ረግጦ ወጣ።

ምኞቱ ሲፈጸምለትስ ምን አገኘ? ዘውዱን ጫነ፤ እንቅልፉን ግን አጣ። የባንኮን ዘር ፈርቶ ጓደኛውን አስገደለ፤ ልጁ ፍሊያንስ ግን አመለጠ። ባዘጋጀው ግብር ላይም የሟቹ ጓደኛው መንፈስ በወንበሩ ተቀምጦ ታየው። ቀጥሎም የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ። የመጀመሪያውን ግድያ ለመፈጸም ያን ያህል ያመነታ ሰው፣ የኋለኛውን ሲያዝ ከኅሊናው ጋር መሟገቱን እንኳ ተወ። ጥቂት ውኃ ከደሙ ያነጻናል ብላ ያደፋፈረችው ሚስቱም በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች የማይለቅ ደም ከእጇ ስታጥብ ኖራ ሞተች። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ማክቤዝ የገደለው ንጉሥ በመቃብሩ ውስጥ በሰላም መተኛቱን እያሰበ የሚቀናበት ጊዜ ነው። ገዳይ በሟች ከቀና ከዘውዱ ምን ተረፈው?

ጠላቶቹ በከበቡት ጊዜ ማክቤዝ ለእርጅና ዘመን ጌጥ የሚሆኑት ክብር፣ ፍቅርና የወዳጅ ብዛት እንደራቁት፣ በፈንታቸውም እርግማን እንደተተካለት በኀዘን ይናገራል። ልብ ብለን ብንመለከት እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በእጁ ነበሩ። ንጉሡ ይወደው፣ ሕዝቡ ያመሰግነው፣ ባንኮ በጓደኝነት አብሮት ይቆም ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በእርሱ ላይ ተፈጸመ። ብዙም ሳይቆይ በማክደፍ ሰይፍ ተገደለ፤ ዙፋኑም ለደንከን ልጅ ለማልኮልም ተመለሰ።

ስለዚህ የማክቤዝ ታሪክ ከፍ ያለ ነገር አትመኙ ብሎ የሚከለክለን አይመስለኝም። የሚያስጠነቅቀን ኅሊናችን አይሆንም እያለን አሳባችንን ለመፈጸም በምንነሣበት በዚያች አጭር ሰዓት ላይ ነው። ምኞታችን ወዴት እንደሚያደርሰን ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደሚያስከፍለን እንጠይቅ። ማክቤዝ ዋጋውን ያውቅ ነበር፤ አውቆም ከፈለ።