የዋጋ ሰሌዳችን ለምን ቀለለ?

ሰሞኑን ሦስት አራት ሰው «የዋጋ ሰሌዳው ቶሎ መከፈት ጀመረ፣ ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ጠይቆኛል። አዲስ ማሽን አልተከራየንም። ያደረግነው ጭነቱን ማመቅ ነው። እኔ የኮሜርስ ዲፕሎማ እንጂ የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም፤ በገባኝ ቋንቋ ልንገራችሁ። ኪቦርዱ ላይ የሚቀመጠው የእህቴ ልጅ ነው፣ በጥያቄ የማደርቀው እኔ ነኝ።

ከሰሌዳው ፊት ኢንጂንኤክስ የሚባል ሶፍትዌር ቆሟል። ኢጎር ሲሶየቭ የሚባል ሩሲያዊ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም። ሥራው የትራንዚተር ሥራ ነው። መተማ ሆናችሁ ስልካችሁን ስትነኩ መጋዘኑ ውስጥ አትገቡም። ትራንዚተሩ ጥያቄያችሁን ተቀብሎ ከኋላው ላለው ፕሮግራም ይሰጣል፣ መልሱንም እሱ ያደርስላችኋል። ባለሙያዎቹ ሪቨርስ ፕሮክሲ ይሉታል። ዕቃው ሁሉ በእጁ ስለሚያልፍ አምቆ ማሳነስም ይችላል። ስልካችሁ ጥያቄ ሲልክ «ጂዚፕ መፍታት እችላለሁ» ብሎ አብሮ ይናገራል፤ ትራንዚተሩ ያንን አይቶ ያምቃል፣ ስልኩ ይፈታዋል። እናንተ ምንም አታዩም፤ ረሲዳችሁ ግን ያያል።

ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ ለእኛ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ፣ እኔን የገረመኝም እሱ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር ሚዛን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ የዐረብኛው ሁለት፣ የእኛው ሦስት ባይት ይመዝናል። በርበሬ በአራት ፊደል 12 ባይት ናት፤ ሱዳኑ በራሱ ፊደል ሸጣ ብሎ ሲጽፋት 6 ባይት ብቻ። በራሳችን ፊደል ስንጽፍ ቀረጥ እንደምንከፍል ቁጠሩት። በላቲን ፊደል ይጻፍ ያሉ ነበሩ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ጋላባት ላይ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ዋጋ የሚያነቡ እናቶች አሉ፤ እነሱ ያላነበቡት ሰሌዳ ለማን ነው? ደግነቱ ከሦስቱ ባይት የመጀመሪያው ለዋናዎቹ ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ነው፣ ሁለተኛውም ከስድስት ዓይነት አይበልጥም። ጂዚፕ ደግሞ የሚተርፈው ከድግግሞሽ ነው። በየመስመሩ «ኬሻ»፣ «ኪሎ»፣ «ፓውንድ» እያለ የሚመላለስ ሰሌዳ ለእሱ እንደ ደረቅ በርበሬ ነው፣ ሲረገጥ ይወርዳል። ፎቶ ግን እንደ ሰሊጥ ነው፤ ጄፔግ አስቀድሞ ስለታመቀ ብትረግጡትም አይወርድም። ስለዚህ የፋቱራ ፎቶዎችን አልነካናቸውም።

ኢንጂንኤክስ ይህን ሁሉ በራሱ አይጀምርም፤ ሲጫን ማመቂያው ዝግ ነው። ሲከፈትም የሚያምቀው ኤችቲኤምኤል ገጹን ብቻ ነው፤ ሌላውን ዓይነት በስሙ ጠርታችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። የእኛ ዋጋ የሚሄደው ጄሰን በሚባል ቅርጽ ስለሆነ እሱን አስጨመርን። ከ1000 ባይት በታች ያለውን ተወው አልነው፤ የጂዚፕ መጠቅለያ ራሱ 18 ባይት ስለሚመዝን ለትንሽ ዕቃ አይከፍልም። የማመቅ ጉልበቱ ከ1 እስከ 9 ነው፤ ማሽናችን ደካማ ስለሆነ ዝቅ አድርገን ያዝነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መልሱ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ጭነት ሌላ ጣጣ ነው። ስልክ ላይ ያለው መመዝገቢያችን የቀኑን ግዢና ሽያጭ ያጠራቅምና ኔትወርክ ሲገኝ አምቆ በአንድ ጊዜ ይልካል። ይህ የመጣው ከቸገረን ነው። ጁን 3 ቀን 2019 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የተመለሰው በጁላይ ነበር፤ ኦክቶበር 25 ቀን 2021 እንደገና ተቋርጦ እስከ ኖቬምበር ቆየ። መስመር ሲዘጋ የትኛውም ማመቂያ አያድንም። የሚያድነው በተከፈተ ሰዓት ነው፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይልካል፣ መስመሩም ይጨናነቃል።

ትራንዚተሩ ታዲያ ታምቆ የመጣ ጥያቄ ሲደርሰው አይፈታውም፤ እንዳለ ወደ ኋላ ያሳልፋል። የኋላው ፕሮግራም ያልተፈታውን ኬሻ አይቶ «የማይነበብ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። አንዲት የጋላባት ነጋዴ የሦስት ቀን ሒሳቧ አልገባ ብሏት ዱቤዋን ከማስታወሻ ደብተር ስትለቅም አይቻለሁ። አፓቼ የሚባለው የዚሁ ዓይነት ሶፍትዌር የገባውን እንዲፈታ ማዘዝ ይቻላል፤ ኢንጂንኤክስን ግን ተጨማሪ ነገር ካልገጠማችሁለት አይሆንም። እኛ መፍቻውን ከኋላ ባለው ፕሮግራም ላይ አስገባን።

እዚህ ላይ እንደ ነጋዴ የደነገጥኩበት ነገር አለ። ኢንጂንኤክስ የሚገባውን ጭነት ይመዝናል፤ ካልቀየራችሁት ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። የሚመዝነው ግን ታምቆ እንደመጣ ነው! ጂዚፕ የታመቀ ነገር ሲፈታ ከ1000 እጥፍ በላይ ሊያብጥ ይችላል። ተንኮለኛ ሰው 1 ሜጋባይት ብሎ ያስገባው ውስጥ ሲደርስ ወደ 1 ጊጋባይት ሆኖ ማሽኑን ያፍነዋል። በሚዛን ጣቢያ የሚያልፍና መጋዘን ገብቶ የሚፈነዳ ኬሻ አስቡ። ስለዚህ የሚፈታው ፕሮግራም እየፈታ እንዲቆጥርና ከልክ ሲያልፍ እንዲያቆም ተደረገ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ማን በእኛ ላይ ይደክማል?» አለኝ። ካዝና የሚቆለፈው ሌባ ከታየ በኋላ ነው ወይ አልኩት።

የመግቢያ ገጹን ሳናምቅ የተውነውም በዚሁ ጥንቃቄ ነው። በ2013 ብሪች የተባለ የጥቃት ዘዴ ይፋ ሆኗል፤ ምስጢርና ከውጭ የገባ ጽሑፍ በአንድ ገጽ አብረው ሲታመቁ፣ የመልሱን ክብደት ደጋግሞ እየለካ ምስጢሩን መገመት ይቻላል። ገጹ ትንሽ ነው፣ ባይታመቅም አይጎዳንም።

ብሮትሊ የሚባል፣ ጽሑፍን ከጂዚፕ የበለጠ የሚያምቅ አለ። ኢንጂንኤክስ ላይ ለብቻው ሞጁል መግጠም ስለሚፈልግ ለጊዜው ትተነዋል። አሮጌ ስልክ ያላችሁ፣ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ከታያችሁ የስልኩን ዓይነትና ሰዓቱን ጻፉልኝ። የዐረብኛው ቅጂ ከታች አለ።