ለታላቅ ወንድሜ ጥያቄ መልስ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድኩ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ፣ «ምን ልትማር ቆረጥህ?» ሲል ጠየቀኝ። የኮምፕዩተር ቺፕ ንድፍ መሆኑን ብነግረው፣ «ፋብሪካው በሌለበት አገር ንድፉን ተምረህ ማንን ልትጠቅም ነው?» አለኝ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። ነገሩ ግን ከልቤ ስላልወጣ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ልመልስለት እሞክራለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጎርደን ሙር የተባለው ሰው በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፉት ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ጻፈ፤ በ1975 ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ነው ሲል አረመው። በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 2,300 ያህል ትራንዚስተር ነበረው፤ በ2020 የወጣው የአፕል ኤም 1 ግን 16 ቢሊዮን አለው። የሆነ ሆኖ ከ2005 ገደማ ጀምሮ፣ ትራንዚስተሩ ባነሰ መጠን የሚፈጀው ኃይል በዚያው ልክ መቀነሱ ስለ ቀረ፣ ሙቀቱ አስቸጋሪ ሆነ፤ ፍጥነቱም እንደ ቀድሞው መገስገሱን አቆመ። እንግዲህ የወደፊቱ ዕድገት በማሳነስ ብቻ ሳይሆን፣ ለየሥራው የሚስማማውን ቺፕ አስቦ በመንደፍ ጭምር የሚገኝ ነው።

ጋሼ ስለ ፋብሪካው የተናገረው እውነት ነው። ዘመናዊ ፋብሪካ ከአሥር ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል፤ እጅግ ረቂቁን ቺፕ በብርሃን የሚያትመውን መሣሪያ የሚሠራውም አንድ የሆላንድ ኩባንያ፣ ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. ብቻ ነው። ነገር ግን ነዳፊና ሠሪ ከተለያዩ ቆይተዋል። በ1987 በታይዋን የተቋቋመው ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ሌሎች የነደፉትን ይሠራል፤ ስሙ የገነነው ኤንቪዲያም የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም። ጋሼ ራሱ ልብስ ሰፊ አይደለምን? ጨርቁን አይሸምንም፤ ሞያው በልኩ መቁረጡ ላይ ነው።

ተማሪም ከዚህ ሥራ አልተገለለም። በ1978 ሊን ኮንዌይ በኤም.አይ.ቲ. ያስተማረቻቸው ተማሪዎች የነደፉት በፋብሪካ ተሠርቶ ተመልሶላቸዋል። በ2010 ደግሞ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሪስክ ፋይቭ የተባለውን የትእዛዝ ሥርዓት ጀመሩ፤ ዛሬ ማንም ሰው የፈቃድ ዋጋ ሳይከፍል ይነድፍበታል።

ይሁን እንጂ ራሳችንን አናታልል። ነጻ ሥርዓት ማግኘት ቺፕ ማግኘት አይደለም። አንዲት ትንሽ የመደመሪያ ንድፍ ሠርቼ ስሕተቷን ስፈልግ ሦስት ሌሊት አልፎብኛል፤ ስሕተቱም ወደ ላይ የሚያዘውን አንድ ቁጥር መርሳቴ ነበር። የእኔው በኮምፕዩተር ላይ ስለ ነበረ በነጻ ታረመ። በሲሊከን ላይ ከታተመ በኋላ ቢገኝ ግን እንደገና ማሠራት ግድ ነው፤ ይህም ብዙ ገንዘብና ወራት ይበላል። ስለዚህ ከንድፍ ሥራ አብዛኛው ድካም ስሕተትን አስቀድሞ መፈለግ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የሠለጠነ አእምሮ ነው።

ጋሼ ሆይ፣ ፋብሪካ አመጣለሁ ብዬ አልዋሽህም። ፋብሪካው እስኪመጣ ድረስ ሞያውን ሳልማር ብቆይ ግን፣ የመጣ ዕለት በሩን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አይኖረኝም።