ጋቢና በልክ የተሰፋ ኮት

ጋቢ ልክ አይጠየቅበትም። ረጅሙም አጭሩም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ያንኑ ደርቦ ከብርድ ይድናል። በልክ የተሰፋ ኮት ግን ለባለቤቱ ያምርበታል፤ ወንድሙ ተውሶ ቢለብሰው ብብቱ ላይ ይተረተራል። ውድ አንባብያን፣ ስለ ልብስ ላወጋችሁ አልተነሣሁም። እንጀራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነውና፣ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ምርጫ ይህንኑ ጋቢና ኮት ስለሚመስለኝ ነው።

ፕሮግራም የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ኮምፓይለር የተባለው አስተርጓሚ ያንን ጽሑፍ ፕሮሰሰሩ ወደሚፈጽማቸው ትእዛዞች ይመልሰዋል። ፕሮሰሰሮች ግን ሁሉም እኩል ትእዛዝ አያውቁም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 በኦፕቴሮን የጀመረው የ64 ቢት ቤተሰብ ዛሬም አንድ ቤተሰብ ነው፤ ልጆቹ ግን በየዘመናቸው አዳዲስ ቃላት ተምረዋል። አያትየው በአንድ ትእዛዝ አራት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን ሲደምር፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 በሀስዌል ያመጣው ኤቪኤክስ2 ስምንቱን በአንዴ ይደምራል። እንግዲህ ኮምፓይለሩን «ሁሉም በሚያውቀው ቃል ተርጉም» ልለው እችላለሁ፤ «ለዚህ ማሽን ብቻ ተርጉም» ልለውም እችላለሁ።

ሁለተኛው መንገድ ሁልጊዜ ያተርፋል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው የሰውን ጣት ሲጠብቅ ነው፤ ስምንት ቁጥር በአንዴ መደመሩ ምንም አይጨምርለትም። ትርፉ ጎልቶ የሚታየው ምስልንና ቪዲዮን በመሳሰሉ፣ አንዱን ስሌት ሚሊዮን ጊዜ በሚደጋግሙ ሥራዎች ላይ ነው።

ነገሩ ቤቴ ድረስ የገባው በአባታችን መጽሔቶች ምክንያት ነው። አባታችን ሲያርፍ በደርግ ዘመን የታተሙ መጽሔቶችን በካርቶን ሙሉ ትቶልን ሄደ፤ ወረቀቱ እየተሰባበረ ነው። እኔና እኅቴ ገጾቹን እያነሣን ቴሰራክት በተባለው፣ አማርኛንም በሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ እንለውጣቸዋለን። እኔ አዲስ ማሽን አለኝ፤ የእኅቴ ግን ከሀስዌል በፊት የተሠራ ነው። ፕሮግራሙን ለእኔ ማሽን ብቻ ብሠራው እርሷ ዘንድ ሲደርስ የሚዘገይ አይምሰላችሁ። የማያውቀው ትእዛዝ ላይ እንደ ደረሰ «ሕገ ወጥ ትእዛዝ» የሚል ቃል ጥሎ ይሞታል። የእኔ ማሽን የሚያተርፈው ደቂቃ ነው፤ እርሷ የምታጣው ግን ሥራውን በሙሉ ነው።

ታላላቆቹም ከዚሁ ምርጫ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2020 የዚህ ቤተሰብ አቅም በአራት ደረጃዎች ተከፍሎ ተደነገገ። የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9ኛ እትም በ2022 ሁለተኛውን ደረጃ፣ 10ኛው እትም በ2025 ሦስተኛውን፣ ማለትም የሀስዌልን ትውልድ፣ የመግቢያ ወለል አደረጉ። በዚያው በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ግን የ2003ቱን አያት ዛሬም ያስተናግዳል። ሁለቱንም አልወቅስም። ሰርቨሮቹን በየጥቂት ዓመቱ የሚቀይር ድርጅት ኮቱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ጋቢም ቢሆን ያልቃል፤ ዴቢያን ራሱ በዚሁ እትም ለ32 ቢት ፒሲዎች መጫኛ ማውጣቱን አቁሟል።

አዲሱ ማሽን የቀድሞውን ቃል ሁሉ ያውቃል ማለትም አይደለም። ኢንቴል በ2021 መጀመሪያ ባወጣው 11ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ላይ ኤቪኤክስ-512 ነበረ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ የመጣው 12ኛው ትውልድ ግን በይፋ አይደግፈውም። ለታላቁ የተሰፋው ኮት ለታናሹም አልሆነም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አበው። የቴሰራክት ጸሓፊዎች ግን ሁለቱንም ዛፍ የሚወጡበት ብልሃት አበጅተዋል። ፕሮግራሙ በሁሉም ዘንድ ለሚታወቀው ቃል ይሠራል፤ እጅግ የሚደጋገመው ስሌት ብቻ በተለያየ መልክ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ፕሮሰሰሩን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቅና የሚስማማውን ይመርጣል። ብልሃቱ ዋጋ አለው፤ ፋይሉ ይወፍራል፣ እያንዳንዱ መልክ በሚገጥመው ማሽን ላይ ለብቻው መፈተሽ አለበት፣ ጸሓፊውም ስሌቱ የሚከብደው የት ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለክቶ ማወቅ ይኖርበታል። ጋቢ ሆኖ ትከሻው ላይ ብቻ በልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው።

እኔም ይህንኑ መርጫለሁ። ልኬት ካላስገደደኝ በቀር የምሠራውን ፕሮግራም ለአንድ ማሽን አልሰፋም፤ ሳስገድደውም አሮጌው ማሽን የሚያልፍበትን በር ክፍት እተዋለሁ። የፍጥነት ሰንጠረዥ የሚመዘግበው የሮጡትን ብቻ ነው፤ መነሣት ያልቻለው ማሽን በሰንጠረዡ ላይ ስም የለውም። ከዚያ ማሽን ፊት የተቀመጠችው ሰው ግን የአባቷን መጽሔት ይዛ ትጠብቃለች።

ቸር እንሰንብት።